ማሳጅን ከጸጉር ቤት ማውጣት፦ የሰሜን ሸዋ ዕድል

ወገቡን የያዘው የደብረ ብርሃን ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሐኪም ቤት አይደለም። ቤቱ ውስጥ ቅቤ ለብ ተደርጎ ይታሻል። አልሻል ሲለው ሰፈሩ የሚያውቀው ወጌሻ ይጠራል፤ ወይም ወደ ጻድቃኔ ማርያም፣ አልያም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ሄዶ ይጠመቃል። ሆስፒታል የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ሕመሙ ከከረመበት በኋላ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በዚህ መሀል አዲስ ነገር ገብቷል። በየከተማው በሚከፈቱ ሆቴሎች ማስታወቂያ ላይ «ሳውና፣ ስቲም፣ ማሳጅ» የሚሉት ሦስት ቃላት ተከታትለው መጻፍ ጀመሩ፤ እነሱን ተከትሎም ለእነዚህ ቤቶች ሠራተኛ የሚያቀርብ ሥልጠና መጣ።

ሥልጠናው የገባው ግን በማይሆን በር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ማሳጅ በአብዛኛው የሚሰጠው በውበት ማሰልጠኛዎች፣ ከጸጉር ሥራ፣ ከሜካፕና ከጥፍር ጋር ተዳብሎ፣ በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ነው። ወደ ክልል ከተሞች የሚሻገረውም ያው አሠራር ነው። ሰሜን ሸዋ ይህን አሠራር መቅዳት የለበትም ባይ ነኝ። ማሳጅን ከጤናው ወገን አስጠግቶ ለማስተማር የሚያስፈልገው ነገር አብዛኛው ደብረ ብርሃን ላይ ተሰብስቦ ይገኛል፤ የጎደለው የሚያገናኘው ብቻ ነው።

ፈላጊው ማን እንደሆነ እንይ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ትታወቅ የነበረችው ከተማ ዛሬ የቢራ፣ የመስታወት፣ የምግብና የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች መናኸሪያ ሆናለች፤ ኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። የስፌት መስመር ላይ የምትቀመጥ ወጣት አንገቷን ደፍታ፣ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰብስባ፣ አንድ እግሯን ፔዳል ላይ አድርጋ ሙሉ ፈረቃ ትሠራለች። ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚወርደው ጡንቻ ቀኑን ሙሉ ስለማይፈታ ማታ ላይ ሲነኩት እንደ ገመድ ጠጥሮ ይገኛል፤ ሕመሙም ወደ ጭንቅላቷ ይወጣል። እሷ የምትለው ግን «ራሴን አመመኝ» ነው፤ የምትገዛውም የራስ ምታት ክኒን ነው። ጫኝና አውራጁ፣ ሾፌሩ፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ እንጀራ የምትጋግረው ሴት፣ ከአንኮበር ዳገት ሸክም የሚያወጣው ገበሬ ሁሉም የየራሳቸው ወገብና ጉልበት አላቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው። ድርጅቱ በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ከሚመክራቸው ሕክምናዎች መካከል ማሳጅ ይገኝበታል። ይህ ለሙያው ትልቅ ማረጋገጫ ነው። ግን መመሪያው ማሳጅን ብቻውን አላስቀመጠውም። ከትምህርትና ምክር፣ ከአካል እንቅስቃሴና ከሥነ ልቦና ድጋፍ ጋር አቀናጅቶ ነው ያነሳው። በጥናቶች የሚታየው ውጤትም መጠነኛና የአጭር ጊዜ ነው። ስለዚህ «ማሳጅ መርዝ ያወጣል»፣ «ኩላሊት ያጥባል» እያለ የሚያስተምር አሰልጣኝ ካጋጠማችሁ ሙያውን ሳይሆን ማስታወቂያውን እያስተማረ ነው። ሯጮች ዘንድ የሚዘወተረውና «ማሳጅ ከጡንቻ ውስጥ ላክቲክ አሲድ ያስወጣል» የሚለው አባባልም እንዲሁ ነው፤ ያ ነገር ሰውነቱ እንዳረፈ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ በራሱ ይጸዳል። ማሳጅ ከልምምድ በኋላ የሚመጣውን የጡንቻ ሕመም ያስታግሳል፣ መተጣጠፍን ትንሽ ይረዳል። ይህም ቢሆን ትንሽ ነገር አይደለም፤ አትሌቶች ልምምድ በሚሠሩባት ደብረ ብርሃን በየሳምንቱ የሚፈለግ አገልግሎት ነው።

ሙያው ለእኛ እንግዳ አይደለም። በእግር ኳሳችን ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳ አንጠልጥሎ ወደ ሜዳ የሚሮጠውን ሰው ዛሬም «ወጌሻ» ነው የምንለው። የገጠሩ ወጌሻ ወለምታ ሲያሽ ያየ ሰው ሥራው ምን ያህል የጣት ንባብ እንደሆነ ያውቃል። ቁርጭምጭሚቱን በቅቤ ያለሰልሳል፤ አውራ ጣቱን በጅማቱ ላይ ቀስ አድርጎ ያስኬዳል፤ «እዚህ ጋ ነው? እዚህስ?» ይላል። ከዚያ ስለ ከብቱ ወይም ስለ ልጁ ወሬ ያነሳል። ታማሚው መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ድንገት ይስበዋል። ጩኸቱ ሳያባራ ሥራው አልቋል። ሕመምተኛውን ማዘናጋት፣ ጡንቻው ሳይወጠር መቅደም፣ ያበጠውን ከዳር ወደ ልብ አቅጣጫ ማሸት፣ እነዚህ በማሳጅ ትምህርትም የሚነሱ ነገሮች ናቸው።

ችግሩ ወጌሻው የማያውቀው ነገር ሲያጋጥመው ነው። የተሰበረ እጅ በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ ሲታሰር ደም መዘዋወር ያቆማል፤ ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ይደነዝዛሉ፣ ይጠቁራሉ። በመጨረሻ የሚቀረው መቁረጥ ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች እጅና እግር እንዲቆረጥ ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ ይህ መሆኑ በተደጋጋሚ ተጽፏል፤ ብዙዎቹም ሕፃናት ናቸው። ሆኖም ከዚሁ ታሪክ የሚበልጥብኝ ሌላው ገጹ ነው። በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል የአካባቢውን ወጌሾች ሰብስቦ የአንድ ቀን ትምህርት ሰጣቸው፦ እንዴት ላላ ተደርጎ እንደሚታሰር፣ የጣት ቀለም እንዴት እንደሚታይ፣ መቼ ወደ ሆስፒታል መላክ እንዳለበት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ የአጥንት ሕክምና መጽሔት ታትሟል፤ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት በሆስፒታሉ በዚህ ምክንያት የሚቆረጠው እጅና እግር በግማሽ ያህል ቀነሰ። አንድ ቀን! ወጌሻውን መክሰስ ሳይሆን ማስተማር የሚያዋጣ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ሕጉም ቢሆን የባህል ሕክምናን ሙሉ በሙሉ ገፍቶ አያውቅም። በ1930ዎቹ አጋማሽ የወጣው አዋጅ ቁጥር 27 ጤና እስካልጎዳ ድረስ ለባህል ሕክምና ዕውቅና ሰጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ጥረት ግን በአብዛኛው መድኃኒት ላይ ያተኮረ ነው። አንኮበርን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የዕፅዋት ጥናት በአንኮበር ወረዳ ሰዎችን ለማከም የሚውሉ 151 የዕፅዋት ዓይነቶችን መዝግቧል፤ እንቆቆን ጨምሮ። ቅጠሉና ሥሩ ስም፣ ወገንና ቁጥር አገኘ። የሚያሸው እጅ ግን አባት ለልጅ ከማሳየት በስተቀር ይህ ነው የሚባል መዝገብ የለውም። አዛውንቱ ወጌሻ ሲያልፍ ዕውቀቱም አብሮት ይቀበራል፤ ስህተቱ ደግሞ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል።

አንኮበር ስትነሳ ታሪኳን ማለፍ አይቻልም። የሣህለ ሥላሴ መናገሻ፣ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ በ1841 እ.ኤ.አ. የደረሰባት፣ ከአጠገቧ በልጥ ማረፊያ ጣሊያኖች የምርምር ጣቢያ የተከሉባት ናት። ያን ጣቢያ ከመሩት መካከል ራጋዚና ትራቨርሲ ሐኪሞች ነበሩ። እንግዲህ የአውሮፓ ሐኪምና የሸዋ ባለመድኃኒት ከ130 ዓመት በፊት በአንድ ሸንተረር ላይ ጎረቤት ነበሩ ማለት ነው። ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ወደ ፍል ውሃ የወረደው የምኒልክና የጣይቱ ቤተ መንግሥት አዲስ አበባን የቆረቆረው ሙቅ ውሃ ፍለጋ ጭምር ነው፤ ዘመኑ 1879 ዓ.ም. ነበር። ሰውነትን በሙቀትና በእጅ ማከም ለሸዋ ከውጭ የመጣ ቅንጦት አይደለም።

ታዲያ ማሳጅ ለምን ስሙ ጠፋ? አዲስ አበባ ላይ «ማሳጅ ቤት» የሚለው ስም ሲጠራ ብዙ ሰው ፊቱን ያዞራል። ፖሊስ ሺሻ ቤቶችንና ጭፈራ ቤቶችን ሲፈትሽ ማሳጅ ቤቶችም አብረው ይታሸጋሉ። ይህ ሁሉ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ከማሳጅ ስም ጀርባ ሌላ ንግድ የሚነግዱ ቤቶች አሉ። ጉዳቱ ግን በእነሱ ላይ ብቻ አልቀረም። በትክክል የተማረች ልጅ ሥራዋን ለቤተሰቧ ደፍራ አትናገርም፤ «ሆቴል ነው የምሠራው» ብላ ታልፋለች። ደንበኛ ነኝ ባይ ደግሞ የማይገባ ነገር ይጠይቃታል፤ እምቢ ስትል ቅሬታ የሚቀርበው በእሷ ላይ ነው።

ይህ እኛን ብቻ የገጠመ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ1894 ለንደን ውስጥ ነገሩ ቁርጥ እንደዛሬው አዲስ አበባ ነበር። የብሪታንያ የሐኪሞች መጽሔት ብዙዎቹ ማሳጅ ቤቶች የዝሙት ቤቶች ናቸው፣ ሴቶቹም ለአጭር ጊዜ የማይረባ ሥልጠና ከፍተኛ ገንዘብ እየተጠየቁ ነው ብሎ ጻፈ። ያን ጊዜ ሉሲ ሮቢንሰን፣ ሮዛሊንድ ፓጄት፣ ኤልዛቤት ማንሊና ማርጋሬት ፓልመር የተባሉ በነርስነትና በአዋላጅነት የሠለጠኑ አራት ሴቶች ማኅበር አቋቋሙ። ያደረጉት ነገር ሁለት ነው፤ ፈተና አወጡ፣ ሕግ አወጡ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማሳጅ የለም፤ ሐኪሙ በተለይ ካልጠየቀ በቀር ለወንድ አጠቃላይ የሰውነት ማሳጅ የለም፤ ከሕክምና ጋዜጦች ውጪ ማስታወቂያ የለም፤ ለታማሚ መድኃኒት መሸጥ የለም። ለዛሬ ጆሮ ጥብቅ ይመስላል። ሆኖም በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ቁስለኛ ሲጎርፍ ሠራዊቱ የፈለገው እነዚህኑ ፈተና የወሰዱ ሴቶች ነበር። በ1920 እ.ኤ.አ. ማኅበሩ የንጉሥ ቻርተር ተሰጠው፤ ዛሬ የብሪታንያ ፊዚዮቴራፒስቶች ማኅበር የሚባለው እሱ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ሙያው ክብሩን ያገኘው ከቁስለኛው አልጋ አጠገብ መሆኑን ነው። ሰሜን ሸዋ ደግሞ ቁስለኛ አልጠፋባትም። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ደርሶ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ክልሉ ከግጭት አልወጣም። ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች ደብረ ብርሃን ዙሪያ በመጠለያ ይኖራሉ። የተጎዳ እጅና እግር፣ በጠባሳ የተኮማተረ መገጣጠሚያ፣ በአልጋ ላይ ቆይቶ የደከመ ጡንቻ የሰለጠነ እጅ ይፈልጋል። ፊዚዮቴራፒስት የዚህ ሁሉ መሪ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ ፈር ቀዳጅ ሆኖ በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ከጀመረ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ግን የሚመረቁት ከፈላጊው ጋር አይመጣጠኑም። በእነሱ አመራር ሥር የሚሠራ፣ ከዲግሪ ያነሰ ግን በቂ ሥልጠና ያለው የማሳጅ ባለሙያ ቢኖር ሸክሙ ይቀል ነበር።

«በቂ» ስል ምን ማለቴ ነው? በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች ፈቃድ ለማውጣት ቢያንስ 500 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃሉ፤ ኒውዮርክ 1,000 ሰዓት ትላለች። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሙያውን የተማሩ ኢትዮጵያውያንም ያለፉት በዚሁ መንገድ ነው። ወደ እኛ እናምጣው። በቀን 4 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን የሚማር ሰው 500 ሰዓት ለመሙላት 25 ሳምንት፣ ማለትም ስድስት ወር ገደማ ይፈጅበታል። በቀን ሁለት ሰዓት ለሦስት ወር የሚሰጥ ኮርስ ግን 120 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ላይ ጸጉርና ሜካፕ ሲቀነስ ለማሳጅ የሚተርፈውን እናንተው አስሉት።

ሰዓቱ የሚያስፈልገው ማሸት ከባድ ስለሆነ አይደለም፤ ማሸት የሌለበትን ቦታ ለማወቅ ነው። አንድ ምሳሌ ብቻ ላንሳ። ከረጅም የአውቶቡስ ጉዞ ወይም ከወሊድ በኋላ አንድ ባቷ ብቻ ያበጠ፣ ቀላ ያለና ሲነኩት የሚሞቅ ሴት መጥታ «እግሬ ከብዶኛል፣ እሺልኝ» ትላለች። ሦስት ወር የተማረችው ልጅ ዘይት ቀብታ ከታች ወደ ላይ አጥብቃ ታሻለች። በደም ሥሩ ውስጥ የረጋ ደም ካለ ግን ያ እሽታ ቁራጩን ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል፤ ይህም ይገድላል። ስድስት ወር የተማረችው ሁለቱን ባቶች አወዳድራ ታያለች፣ ትጠይቃለች፣ እጇን ትሰበስባለች፣ «እኅቴ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂጂ» ትላለች። የሥልጠናው ዋጋ ያለው እዚህች ላይ ነው። ትኩሳት ያለበት፣ አዲስ ስብራት ያለበት፣ ቆዳው የቆሰለ፣ ካንሰር ያለበት፣ አጥንቱ የሳሳ አዛውንት፣ ነፍሰ ጡር፣ እያንዳንዱ የራሱ ክልክልና ጥንቃቄ አለው። በገጠሩ የነፍሰ ጡርን ሆድ የማሸት ልማድ ዛሬም አለ፤ ይህን ለማስቀረት የጤና ባለሙያዎች ብዙ ደክመዋል። ማሳጅ የሚማር ሰው ያን ልማድ በዘይትና በሙዚቃ አስውቦ እንዳይመልሰው ያስፈራል።

ሌላው ሠልጣኟ ራሷን የምትጠብቅበት ትምህርት ነው። ብዙ ጀማሪዎች በአውራ ጣታቸው ብቻ ይጫናሉ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የጣታቸው መገጣጠሚያ ያልቃል። የአልጋው ቁመት ከሠራተኛዋ ጋር መመጣጠን አለበት፤ ቀጥ ብላ ቆማ እጇን ስትጨብጥ ጭብጧ አልጋውን የሚነካ ከሆነ ይበቃል። ጉልበቱ መምጣት ያለበት ከክንድ ሳይሆን ከእግርና ከሰውነት ክብደት ነው። አንሶላውም ቢሆን ትምህርት አለው፦ የሚሠራበት የአካል ክፍል ብቻ ይገለጣል፣ ሲያልቅ ይሸፈናል፣ ቀጣዩ ይገለጣል። ይህች የአንሶላ ሥርዓት ለደንበኛውም ለሠራተኛዋም ከለላ ናት። ከአንሶላው በላይ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲመጣ ሥራውን አቁሞ መውጣት መብት መሆኑን ትምህርት ቤቱ ካልነገራት ማንም አይነግራትም። በእኛ አካባቢ ሴት ለሴት፣ ወንድ ለወንድ ቢሠራ ይመረጣል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዚህ አይለያይም። ለንደን ላይ በሕግ የተጻፈውን እኛ በባህል ይዘነዋል፤ እንጠቀምበት።

እንግዲህ ማን ያስተምር ወደሚለው እንመለስ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በታላቁ ቀዶ ሐኪም በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የሚጠራ የጤና ሳይንስ ካምፓስ አለው፤ ሕክምና ስለሚያስተምር የሰውነት አወቃቀር መምህራን አሉት። ደብረ ብርሃን ጤና ሳይንስ ኮሌጅ መካከለኛ የጤና ባለሙያዎችን በማፍራት የቆየ ነው። ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉ ለተግባር ልምምድ በሽተኛ አያጣም። ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ የአጫጭር ሥልጠና አደረጃጀትና የብቃት ምዘና ልምድ አለው። የአትሌቲክስ ማሰልጠኛው እግር ያቀርባል፤ ፋብሪካዎቹ ወገብና ትከሻ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ከተማ፣ እርስ በርስ በባጃጅ ርቀት ላይ ናቸው።

እንዳይገናኙ ያደረጋቸው የቢሮ ድንበር ነው። ለባህልና ቱሪዝም ማሳጅ የሆቴል አገልግሎት ነው። ለጤናው ዘርፍ በሙያነት ያልተያዘ የጎን ነገር ነው። ለሥራና ክህሎት ደግሞ የሥራ ዕድል ቁጥር ነው፤ የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲቀርብ ስድስት ወር የተማሩ 20 ሰዎች ሦስት ወር ከተማሩ 100 ሰዎች ያነሱ ይመስላሉ። ሪፖርቱ ላይ የማይጻፈው ከመቶዎቹ ስንቶቹ በሙያው እንደቆዩ ነው። እኔ ብጠየቅ ሥርዓተ ትምህርቱን ለጤና ሳይንስ ኮሌጁ እሰጣለሁ፤ ምዘናውን ለሙያ ብቃት ምዘና ማዕከሉ (ሲኦሲ)፣ ልምምዱን ለሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ክፍልና ለአትሌቶቹ። ሆቴሉ ተመራቂ ይቀጥር እንጂ ትምህርት ቤት አይሁን።

ወጌሾቹስ? እነሱን ከክፍሉ ውጪ ያስቀረ ሥልጠና ከጅምሩ ግማሹን ዕውቀት ይጥላል። የአጣጡን ትምህርት ይዞ በየወረዳው ያሉትን፣ በተለይ ከአንኮበርና ከቆላው ከአልዩ አምባ ወገን የሚታወቁትን፣ ለአጭር ጊዜ መሰብሰብ ይቻላል። በአንድ በኩል አደጋውን ይማራሉ፤ በሌላ በኩል የጣት ንባባቸውን ለሠልጣኞቹ ያሳያሉ። ልጆቻቸው መደበኛ ተማሪ ሆነው ቢገቡ ደግሞ ዕውቀቱ መዝገብ ያገኛል። ወጌሻ ሙያውን ለባዳ በቀላሉ እንደማይገልጥ አውቃለሁ፤ ልጁ ሲመረቅ ግን አባት ይለዝባል።

አንድ ሌላ ቡድን አለ፤ ስለ ማሳጅ ሥልጠና ሲታሰብ መጀመሪያ መጠራት የነበረበት፦ ዓይነ ስውራን። አማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ከጠናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ብዙ ሰው በዚህ በሽታ ብርሃኑን አጥቷል። በጃፓን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ሱጊያማ ዋይቺ በተባለው ዓይነ ስውር የአኩፓንክቸር ሊቅ ዘመን፣ ማሸትና የመርፌ ሕክምና የዓይነ ስውራን ሙያ ሆኖ በትምህርት ቤት ይሰጥ ነበር። ቻይናም ዛሬ በዚህ ትታወቃለች። አዲስ አበባ ላይም ማየት የተሳናቸው ወጣቶችን በማሳጅ የማሰልጠን ጥረት ታይቷል። ደብረ ብርሃን ከጀመረች ጥቂት መቀመጫ ለእነሱ ብትለይ ምጽዋት አይደለም፤ ጣቱን ዓይኑ ያደረገ ሰው ለዚህ ሥራ ቅርብ ነውና።

ስለ ገንዘቡም እንነጋገር። በመዲናዋ ስፓን ያለመደውን ሕዝብ ካስለመዱት አንዱ ከአሜሪካ ቦስተን የተመለሰው ታዲዎስ ጌታቸው በለጠ ነው፤ ቦስተን ደይ ስፓን ከፈተ፣ ከዚያም ኩሪፍቱን ይዞ ቢሾፍቱ ገባ። ያ መንገድ ለቢሾፍቱ ሐይቅ ሠርቷል። አንኮበር ላይ ይሠራል ብሎ ዛሬ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ግን ይታገስ። በቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ያለው ሎጅ፣ ገደሉ፣ የአንኮበር ወፍ የምትባለው ብርቅዬ ወፍ፣ ሁሉም ጎብኚ የሚስቡ ናቸው። ከገደሉ ወርዶ የወጣ እግረኛ ባቱን የሚያሽለት ቢያገኝ ደስ ይለዋል። ነገር ግን መንገዱ ሰላም ሳይሆን ቱሪስት አይመጣም። በእሱ ላይ ተመሥርቶ የተከፈተ ሥልጠና ሥራ ፈት ያመርታል። ደንበኛው ደብረ ብርሃን ያለው ሠራተኛ፣ አትሌትና ታማሚ ነው፤ አንኮበር ከተከተለ ይከተላል።

ደብረ ብርሃን ላይ ማሳጅ ለመክፈት የመጀመሪያው ወጪም ዘይት ወይም አልጋ አይደለም፤ ሙቀት ነው። በቀዝቃዛ ክፍል ራቁቱን የተኛ ሰው ጡንቻው ይሰበሰባል እንጂ አይፈታም። መብራት ሲጠፋ ከሰል ማስገባት ይመጣል፤ በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ደግሞ ሰው ይገድላል። ሥልጠናው ይህንም ማስተማር አለበት፦ መስኮት እንዴት እንደሚከፈት፣ ዘይት በሙቅ ውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚሞቅ፣ አንሶላ ለእያንዳንዱ ሰው እንደሚቀየር፣ በብርድና በዝናብ ወቅት ያን ሁሉ አንሶላ የት እንደሚያደርቁት። የብርድ ልብስ ከተማ መሆን እዚህ ላይ ይጠቅማል።

«ስድስት ወር ማን ይማራል? ደሃ ልጅ ያን ያህል ጊዜ ያለ ገቢ እንዴት ይቆያል?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ትክክለኛ ተቃውሞ ነው። መልሱ ግን ሥልጠናውን ማሳጠር ሳይሆን መከፋፈል ነው። የመጀመሪያው ሦስት ወር ከሰውነት አወቃቀር፣ ከክልክሎቹና ከመሠረታዊ አሠራር ጋር ካለፈ፣ ቀሪው ሦስት ወር በሆስፒታልና በአትሌቶች ካምፕ እየተሠራ የኪስ ገንዘብ የሚገኝበት ልምምድ ሊሆን ይችላል። ፋብሪካዎቹም ለሠራተኞቻቸው ትከሻ ሠልጣኞችን በሳምንት አንድ ቀን ቢቀበሉ ወጪው ከሕመም ፈቃድ አይበልጥባቸውም። ምን ያህል ልጆችን መቀበል እንደሚገባ ስጠየቅ ግን በጣም ጥቂት ነው መልሴ። የመጀመሪያው ዙር ከ20 በላይ ሰው ከያዘ እያንዳንዱን እጅ የሚያርም አሰልጣኝ አይገኝም። ይህ ሙያ በጽሑፍ ፈተና አይታወቅም፤ መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶ መተኛትና መታሸት አለበት።

ኃላፊዎች ይህን እስኪወስኑ ማሰልጠኛዎቹ አይጠብቁም፤ ማስታወቂያው ተለጥፏል፤ ልጆቻችሁም ብር ይዘው ይሄዳሉ። ስለዚህ ለወላጆችና ለሠልጣኞች የምለው አለኝ። ከመክፈላችሁ በፊት ማሳጅ ብቻውን ስንት ሰዓት እንደሚሰጥ በጽሑፍ ጠይቁ። የሰውነት አወቃቀርን የሚያስተምረው ሰው የጤና ባለሙያ መሆኑን አረጋግጡ። ልምምዱ የሚደረገው በማን ላይ፣ የት፣ በማን ክትትል እንደሆነ፣ ምዘናውንም ከማሰልጠኛው ውጪ ማን እንደሚያደርገው አጣሩ። ደንበኛ ሥርዓት ሲያጠፋ ምን እንደምታደርጉ በመጀመሪያው ሳምንት የማያስተምር ቤት ካጋጠማችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለሌለው ማሰልጠኛ ብር አትክፈሉ።